ከካሴቱ ውስጥ የወጣው ቃጭል

የግራ ጆሮዬ አይሰማም። በዚያ በኩል የሚያዋራኝ ሰው ግድግዳ እያዋራ ነው። ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ አንዱን «ፈንጂ ነው» እለዋለሁ፣ ሌላውን «ከልጅነቴ ነው» እለዋለሁ፣ እንደ ጠያቂው ነው። እውነተኛውን ለማውራት ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ሰው ደግሞ የራሱን እስኪያወራ ነው የሚሰማህ። እናንተ ቁጭ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ ልንገራችሁ። ያደነቆረኝ የአንድ ግመል ቃጭል ነው።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ነገሌ ቦረና ገና ባጃጅ አልገባባትም። እኔ ገበያው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ይዤ ቴፕና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ስሜ ከድር ነው፤ አገሩ የሚያውቀኝ ግን «ከድር ቴፕ» ብሎ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ። ታናናሾቼን ትምህርት ቤት ላካቸው፣ እኔን ጆንያ አሸከመኝ። ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ያኔ ማንበብ አልችልም። ሀን ከለ አልለይም። የሬዚስተር ቀለም ግን፣ ያቺ ኤሌክትሪክን የምታደክም ስንዴ የምታክል ባለ መስመር ፍሬ፣ በእንቅልፌ ብትጠይቁኝ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን ብዬ አቅሟን እነግራችኋለሁ። ያስተማረኝ ሃምሳ አለቃ ታደሰ ነው። የድሮው ጦር የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ እሱ ነገሌ ቀረ። መሬት ላይ በእንጨት እየሳለ ነው ያስተማረኝ። ፊደል አላስተማረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ አፍሬ።

ከመሞቱ በፊት ያሳየኝ የመጨረሻ ሥራ ሦስት ማጉያዎች ክብ ሠርተው የሚያያዙበት ነው። አንደኛዋ የመጣላትን ትደምራለች። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ የተቀበሉትን ያጠራቅማሉ። የመጨረሻዋ ደግሞ ያላትን መልሳ ለመጀመሪያዋ ትሰጣለች። ሦስቱም በአንዲት እንደ መዥገር ብዙ እግር ባላት አይሲ ውስጥ ይገባሉ። ድምፅ ስታስገባባቸው ከአንዷ ቀጭኑ፣ ከአንዷ መሀለኛው፣ ከአንዷ ወፍራሙ ተለይቶ ይወጣል። ሳጥኑ አንድ ነው፤ የሚያወጣው ግን ማብሪያውን ከሦስቱ በየትኛው ላይ እንዳዞርክ ነው። ከማብሪያው ሌላ ሁለት ማዞሪያ አለው። አንዱ የትኛውን ድምፅ እንደምትፈልግ ይመርጣል። ሌላው ምን ያህል አጥብቀህ እንደምትመርጥ። ነገሩ ሁሉ የመጣው በሁለተኛው ማዞሪያ ነው።

ያንኑ ክብ ለቪዲዮ ቤቱ ጄኔሬተር መቆጣጠሪያ አድርጌውም ነበር። ሞተሩ ሲደክም ነዳጅ ይጨምርለታል፣ ሲፈጥን ይቀንስበታል። በመጀመሪያው ቀን ከመጠን በላይ አጥብቄው ሞተሩ ማንም ሳይነካው ይጮሃል፣ ይደክማል፣ ደግሞ ይጮሃል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት «አንተ ከድር፣ ሞተሬ ላይ ዛር አሰፈርክበት እኮ» አለኝ። ሳላላው ጩኸቱን ተወ። ይህችን ያዙልኝ።

ሳጥኗን ሠርግ ላይ እየያዝኩ መሄድ ጀመርኩ። ከበሮውን ከዘፋኙ ይለያል፣ ዘፋኙን ከጫጫታው ይለያል ተባለ። ወሬው እስከ አሬሮ ደረሰ። ባይደርስ ይሻለኝ ነበር።

የገበያ ቀን ነው። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣው ሁለት ሰዎች ገቡ። ታላቁን አውቀዋለሁ፤ ጉዮ ይባላል፣ አንድ አይሱዙ ያለው የከብት ነጋዴ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው። ኋላው ያለው ታናሽ ወንድሙ ዋሪዮ ነው። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቧል። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

«አካም፣ ኦቦ ከድር። ናጋ?» አለ ጉዮ፣ ሰላም ነህ ወይ ማለቱ ነው።

«ናጋ። ግቡ፣ ቁጭ በሉ።»

አልተቀመጡም። ጉዮ ከኪሱ ካሴት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «የሊበን ድምፅ ነው» አለ።

ሊበን መሀለኛ ወንድማቸው ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከአሬሮ ወዲያ ከብት ውኃ ሊያጠጣ በሄደበት ተተኩሶበት ሞቷል፤ ማን እንደተኮሰ አልታወቀም። ሊበን እንደኔው መጻፍ አይችልም፤ ለጉዮ መልእክት ሲልክ በካሴት ተናግሮ ነው። ያን ቀንም ዛፍ ሥር ተቀምጦ እየቀረጸ ነበር። ሬሳውን ሲያገኙት ቴፑ አጠገቡ ነው፣ ካሴቱ እስከ መጨረሻው ሄዷል። ሰው ሲሞት ቴፕ አይቆምም።

ከፈትኩት። «ጉዮ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እኛ ደህና ነን፣ ዝናቡ ዘግይቷል፣ ቀይዋ ላም ወለደች፣ ወይፈን ነው...» ይላል። ሳቅ አለበት። ከዚያ ጥይት። ከዚያ ነፋስ፣ ካሴቱ እስኪያልቅ ነፋስ።

«ከጥይቱ ኋላ ቃጭል አለ» አለ ጉዮ።

«እኔ የሰማሁት ነፋስ ነው።»

«አለ። እኔ ሰምቼዋለሁ።»

«ተወው እሱን» አለ ዋሪዮ። «የሱቅ ልጅ ነው፣ ቃጭል የት ያውቃል። የስኳር ጆንያ ሲወድቅ እንዴት እንደሚጮህ ጠይቀው።»

እውነቱን ነው፣ አላውቅም ነበር። ጉዮ አስረዳኝ። ቆላ ላይ እያንዳንዱ ባለ ግመል ለመሪዋ ግመል ከእንጨት ፈልፍሎ ቃጭል ይሠራላታል። እንጨቱ ይለያያል፣ አፉ ይለያያል፣ ስለዚህ ድምፁ ይለያያል። ሰው ገና መንጋውን ሳያይ «የእገሌ መጣ» ይላል፤ እኛ ከተሜዎች ሰውን በፊቱ እንደምናውቀው። ጃርሶ የሚባል ባለ ግመል ደግሞ ከሊበን ጋር በውኃ ተራ ተጣልቶ፣ ሰው ፊት ዝቶበታል። ካሴቱ ውስጥ ያለው ቃጭል የጃርሶ ነው ብለዋል ወንድማማቾቹ። እንዲሰማ የሚያደርግላቸው ሰው ነው ያጡት።

«እሞክራለሁ» አልኩ። «ካሴቱን ተዉትና ነገ ኑ።»

ዋሪዮ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። ክላሽ ነው። «ነገ የለም» አለ። «ሳጥንህን ያዝ።»

በአይሱዙው ጋቢና መሀላቸው አስቀምጠው በገበያው መሀል ወሰዱኝ። የማውቃቸው ሰዎች እጅ ነሱኝ፣ እኔም እጅ ነሳሁ። ከብርድ ልብሱ ሥር ብረቱ ጎኔን ይወጋኛል። ጉዮ መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሁሉ «ናጋ» እያለ ነበር የሚነዳው።

ግቢው ከተማው ዳር ነው፣ በእሾህ አጥር የታጠረ። መኪናው ከመቆሙ በፊት ሰውየውን አየሁት። አንድ የቆመ የጭነት ተጎታች አለ፤ ጎማው ላይ በከብት ገመድ ጠፍረውታል። ግመል ትሸጣለህ ብለው ገበያ ጠርተው ነው የያዙት። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ በደረቀ ደም እንደ ቆዳ ደርቋል። ጃርሶ ይሄ ነው።

ጥላው ሥር በርጩማ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አዴራ ቦሩ ይሏቸዋል፣ አጎት ቦሩ እንደማለት ነው፤ የወንድማማቾቹ አባት ወንድም ናቸው። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል።

«ልጄ፣ ቅረብ» አሉኝ። «ደም ፈሷል። እነዚህ ልጆች ጉማ እናውጣ፣ ደሙን በደም እንመልስ ይላሉ። እኔ ምስክር ሳይኖር አይሆንም አልኳቸው። ሜዳው ላይ ሰው አልነበረም። ቃጭል ግን ነበር ይላሉ። ቃጭሉ ከመሰከረ እኔ ዝም እላለሁ።»

«አዴራ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም» አልኳቸው። «እርስዎ እንኳ...»

«ዳኛ ማን አደረገህ? አንተ ወንፊቱን ያዝ።»

ዝም እላለሁ ማለታቸው ምን ማለት እንደሆነ ለሁላችንም ገባን። ለጃርሶም ገባው። «ኦቦ ከድር» አለኝ በደህናው ዓይኑ እያየ፣ «ዋቃ ያውቃል፣ እኔ ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም።» ዋሪዮ ሳይናገር ሄዶ ጎኑን በጫማው መታው። የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ጃርሶ አልጮኸም። አየር ሲያጣ ነው ያየሁት፣ አፉን እንደ ዓሣ ሲከፍትና ሲዘጋ።

ሳጥኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የመኪና ባትሪ አመጡልኝ። ከሱቄ ከቴፑ ጋር ያስጫኑኝን የሠርግ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አገናኘሁ።

ጉዮ ከጆንያ ውስጥ ቃጭሉን አወጣ። ከጃርሶ መሪ ግመል አንገት ፈትተው ያመጡት ነው። የሰው ጭንቅላት ያህላል፣ ከቅቤና ከእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ ውስጡ የሚንጠለጠሉት ምላሶቹም እንጨት ናቸው። አወዛወዘው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጃርሶ ቀና አለ፤ ሰው ልጁ ሲጠራው ቀና እንደሚል።

«ይሄንን ነው የምትፈልግልን» አለ ጉዮ።

ቃጭሉን በሌላ ካሴት ቀረጽኩት። እሱን ወደ ሳጥኑ እያስገባሁ፣ ማብሪያውን መሀለኛው ላይ አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ማዞሪያ ቃጭሉ ከሁሉ ጎልቶ እስኪሰማ አዞርኩት። እዚያ ላይ አቆምኩት። ከዚያ የሊበንን ካሴት አስገባሁ።

በመጀመሪያው ዙር ነፋስ ብቻ ነው የሰማነው። ጥይቱም ከሩቅ በር እንደሚዘጋ ሆኖ አለፈ።

«የለም» አልኩ።

«ሠርግ ላይ እንዲህ ነው የምትለየው?» አለ ዋሪዮ። «አጥብቀው።»

ሁለተኛውን ማዞሪያ ትንሽ አዞርኩት። ነፋሱ ማፏጨት ጀመረ። ሊበን ከእንስራ ውስጥ የሚናገር መሰለ።

«አጥብቀው።»

ጨመርኩ። ዋሪዮ መጥቶ ክላሹን ጠረጴዛው ላይ፣ ክንዴ አጠገብ አጋደመው። «አንተ ልጅ አለህ አይደል?» አለኝ። ማዞሪያውን እስከ ጥጉ ወሰድኩት።

የሊበን ድምፅ አለፈ። ቀይዋ ላም አለፈች። ሳቁ አለፈ። ከዚያ ጥይቱ መሰማት በነበረበት ላይ፣

ኳ።

እንጨት ነው። ያው ቃጭል ነው። ጉዮ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አዴራ ቦሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ካሴቱን መለስኩና ደገምኩት። ኳ።

አሁን የምነግራችሁን ሰው ሲሰማ አያምነኝም። ጃርሶ፣ ያ የታሰረው ሰው፣ ራሱን ቀና አድርጎ «ቃጭሉ የኔ ነው» አለ።

«ሰማችሁት» አለ ዋሪዮ።

«ቃጭሉ የኔ ነው። እኔ ግን አልነበርኩም። ግመሎቹ ብቻቸውን ወርደው ይሆናል። ከአጥር ወጥተው...» ምክንያት እየፈለገ ነው። ለራሱ ነው የሚፈልገው። የከተማ ሰው ቢሆን አይደለም ብሎ ይምላል፤ እሱ ግን በገዛ እጁ የፈለፈለውን ቃጭል መካድ አልሆነለትም። ሳጥኔ የነገረውን አመነ።

ዋሪዮ ቃጭሉን በመንጠልጠያው ጨብጦ አፉ ላይ መታው። ጥርሱ ሲበተን አየሁ፣ አሸዋው ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ። ደግሞ መታው። ቃጭሉ በየምቱ ኳ ይላል። ጉዮ፣ ያ ረጋ ያለው ጉዮ፣ መንገድ ላይ ናጋ ሲል የመጣው ሰው፣ ሄዶ የጃርሶ የታሰሩ ጣቶች ላይ በተረከዙ ቆመ። ክብደቱን ሁሉ ጥሎ ቆመ። ጃርሶ ያን ጊዜ ጮኸ። አዴራ ቦሩ ፊታቸውን አዞሩ። ዝም እላለሁ ብለው የለ፣ ዝም አሉ።

እኔ ሳጥኑን ነበር የማየው። አንድ ነገር ልክ አልሆነልኝም። ግመል አንድ እርምጃ ብቻ አይሄድም። ቃጭሉ ከነበረ ኳ ኳ ኳ እያለ ይቀጥላል እንጂ ለምን አንዴ ብቻ? ለምንስ ልክ ጥይቱ ላይ? ካሴቱን ለማቆም የቴፑን ቁልፍ ጠቅ አደረግኩት። ከድምፅ ማጉያው ኳ አለ።

ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት። ኳ።

የቪዲዮ ቤቱ ጄኔሬተር ትዝ አለኝ። ማንም ሳይነካው የሚጮኸው። ሳጥኑን በቃጭሉ ልክ ቃኝቼ፣ እስከ ጥጉ አጥብቄ፣ ራሱን ቃጭል አድርጌዋለሁ። የሚመታው ነገር ጥይትም ይሁን በር፣ የሚመልሰው ያንኑ ነው።

«ቆዩ» አልኩ። «ሳጥኑ ነው።»

ማንም አልሰማኝም። ተነስቼ ዋሪዮን ክንዱን ያዝኩት። «ቃጭሉ ካሴቱ ውስጥ አይደለም። ሳጥኑ ነው የሚሠራው። በጣም ስለጠበቀ...»

«አሁን ነው የፈራኸው?» አለ ጉዮ።

«ስሙኝ፣ በአላህ...»

ዋሪዮ ክላሹን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳው አየሁ፤ ሰደፉ ሲመጣ ግን አላየሁም። ነጭ ነገር ነው ያየሁት። ስነቃ አፌ አሸዋ ሞልቷል፣ አንገቴ ሞቋል፣ ከጆሮዬ የሚወርደው ደም ነው ያሞቀው። ዓለም በአንድ ጎኗ ጠፍታለች። በግራ ጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር የጠመንጃ ሰደፍ ነው።

በቀኜ የሰማሁት ደግሞ ገመድ ሲፈታ ነው። ዋሪዮ ጃርሶን ከጎማው ፈትቶ፣ በአንገቱ ገመድ አስገብቶ፣ ወደ ከብቶቹ በረት ጀርባ እየጎተተው ነው። ጃርሶ በጉልበቱ ይሄዳል። መሄድ ሲያቅተው ይጎተታል። ክላሹ ሲቀባበል ሰማሁ።

መጮህ አልቻልኩም። መንጋጋዬ አይታዘዘኝም። በእጄና በጉልበቴ ድሄ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ካሴቱን ከቴፑ አወጣሁት። ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ሽቦም ከቴፑ ነቀልኩት። የሽቦውን ጫፍ በደም በራሰው ጣቴ መታ አደረግኩት።

ኳ።

የሠርግ ድምፅ ማጉያ ነው፤ በረቱ ጀርባ ይደርሳል። ደግሜ መታሁት። ኳ። ኳ። ኳ። አሁን ግመሉ ይሄዳል። ግመሉ በግቢው ውስጥ ይዞራል። የሚጎተተው ሰው ድምፅ ቆመ። ዋሪዮ ጃርሶን እዚያው ጥሎ ሮጦ መጣ።

ካሴቱን በግራ እጄ ወደ ላይ ያዝኩት። «ካሴቱ ይኸው» አልኩ፣ ቃላቱ ከደም ጋር ነው የሚወጡት። «እጄ ላይ ነው። ቃጭሉ ከየት መጣ?»

በደም የራሰውን ጣቴን አነሳሁላቸው።

«ሊበንን የገደለው ጣቴ ነው?»

የመጀመሪያውን ማዞሪያ ወደ ላይ አዞርኩና ሽቦውን መታሁ። ቀጭን ሆነ። «ይሄ የፍየል ነው» አልኩ። ወደ ታች አዞርኩ። «ይሄ የበሬ። የማንን ቃጭል ትፈልጋላችሁ? ንገሩኝና ላውጣላችሁ። የማን ይሁን?»

እያዞርኩ እመታለሁ፣ እየመታሁ አዞራለሁ። እንደ እብድ ነው ያደረገኝ። አዴራ ቦሩ በትራቸውን አነሱ። «እዚያው ጋ አቁም» አሉ።

አቆምኩ።

«ምታው።»

መታሁት።

«ድገመው።» ደገምኩት። ሽማግሌው ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ይሄ የኔ ነው» አሉ። «የዳለቻዋ ግመሌ ነው። አባቴ የፈለፈሉት።» «እንግዲህ የልጄን ካሴት አስገባ» አሉኝ። «ምኑንም አትንካ።»

ሽቦውን ሰካሁ፣ ካሴቱን አስገባሁ። ሊበን ደግሞ ጉዮን ደህና ነህ ወይ አለው። ዝናቡ ዘግይቷል አለ። ቀይዋ ላም ወለደች። ሳቀ። ኳ። የሽማግሌው የዳለቻ ግመል ቃጭል።

አዴራ ቦሩ ወደ ወንድማማቾቹ ዞሩ። «ሊበንን እኔ ገደልኩት?» አሉ።

ጉዮ አቀረቀረ። ዋሪዮ ግን አላቀረቀረም። «አዴራ፣ ታዲያ ማነው? ማነው ታዲያ?» አለ፤ እንባው እየወረደ አፈሙዙን ወደ እኔ አዞረ። አፈሙዙን ወደ ሽማግሌው አዞረ። መጨረሻ ላይ ወደ ሳጥኑ አዞረና ተኮሰ። ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ። ጠረጴዛው ተሰነጠቀ፣ አይሲዋ ዱቄት ሆነች፣ የባትሪው አሲድ እጄ ላይ ተረጨ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ጸጥ ሲል ሽማግሌው መጡና ከተሰባበረው ቴፕ ውስጥ ካሴቱን መዝዘው ክሩን እንደ አንጀት ጎትተው አወጡት፣ እጃቸው ላይ ጠቅልለው በጣጠሱት። «ፍቱት» አሉ። ጉዮ ሄዶ ጃርሶን ፈታው። መቆም አልቻለም። እኔንና እሱን እዚያው አይሱዙ ላይ ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሰን ራሱ ጉዮ ነው። ሲነዳ ማንንም ሰላም አላለም።

ጃርሶ ኖረ። ሁለት ጣቱን ቆረጡለት። በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው በሥርዓቱ ታረቁ። ዋሪዮ አገሩን ለቅቆ ሄደ፣ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሊበንን ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከጆሮዬ በላይ የለወጠኝ ግን የኋላው ነው። ፖሊስ ጣቢያ የሆነውን ተናገር ተባልኩ። ተናገርኩ፤ አንድ ሰው ጻፈ፤ «እዚህ ላይ አሻራህን» አለኝ። ጣቴን ቀለም ነክሬ ላሳርፍ ስል ቆምኩ። ያው ጣት ነው፣ ሽቦውን የመታሁበት። ወረቀቱ ላይ ያለው እኔ ያልኩት ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ? ጃርሶም የሳጥኑን ሥራ ስለማያውቅ ነው «የኔ ነው» ያለው። አሻራዬን አላደርግም አልኩ። ሰውየው ተናደደ፣ ደጋግሞ አነበበልኝ፣ ልክ ነበር፣ አደረግኩ። በማግስቱ የማታ ትምህርት ቤት ሄጄ ከእኔ ልጅ በዕድሜ ብዙ ከማይበልጥ አስተማሪ ፊት ሀ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ይሄንን አሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ሰዎች በስልካቸው የቀረጹትን ይዘው ይመጡልኛል። «ከድር፣ እዚህ ላይ ምን እንዳለ አጥራልን፣ ሚስቴን ሲሰድባት ነው፣ ወንድሜን ሲዝትበት ነው» ይሉኛል። መልሼ እሸኛቸዋለሁ። ይቀየሙኛል። እናንተም ሳታስቡት ይህንን ማዞሪያ ስታዞሩ አይቻችኋለሁ፤ አንድ ነገር ልትሰሙ ፈልጋችሁ ከተቀመጣችሁና ካጠበቃችሁት፣ በር ቢንኳኳም ያንኑ ትሰማላችሁ። ደግሞ ትምላላችሁ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ይቀረኛል። ያን ቀን ያሳየሁት ሳጥኑ ቃጭል መሥራት እንደሚችል ነው። ካሴቱ ውስጥ ቃጭል እንዳልነበረ አላሳየሁም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጉዮ መጀመሪያ ላይ ያለ ሳጥን ሰምቼዋለሁ ያለው ነገር፣ ከነፋሱ ሥር ኖሮም ሊሆን ይችላል። ካሴቱ ተበጣጥሷል፣ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ዛሬም ቢሆን አልናገርም ነበር፤ በዚህ አትቀየሙኝ።

ባለፈው ጊዜ ጃርሶ ሱቄ መጣ። አርጅቷል። ለእጅ ባትሪው ድንጋይ ሊገዛ ነው። ግመሎቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ባጃጆቹ ይጮሁባቸዋል። አንገታቸውን አየሁ፤ ባዶ ነው፣ የመሪዋም ሳይቀር።

«ቃጭል የት አደረግከው?» አልኩት።

«ከዚያ ወዲህ አላስርም» አለ። «የሚፈልገኝ ሰው ፊቴን አይቶ ይወቀኝ።»

ጥርስ በሌለው አፉ ሳቅ አለ። እኔም ለብዙ ዓመት የቋጠርኩት ነገር አመለጠኝ። «ጃርሶ፣ እዚያ ነበርክ?»

አየኝ። ያቺ በደንብ ያልዳነችው ዓይኑ ትንሽ ጨፈን ብላለች። ድንጋዮቹን በሦስቱ ጣቶቹ ለቅሞ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሳጥንህን ጠይቀው» አለኝ።

ደግሜ አልጠየቅኩትም። መንገዱን ተሻግሮ ግመሎቹን ነድቶ ሄደ። በግራ በኩል ነው ያለፉት፤ ኮቴያቸውን እንኳ አልሰማሁም።